አሮጌ ዲፌንደር ይዞ ባሕር ዳር ላይ መኖር፦ ከ14 ወር በኋላ

የእህቴ ባል ባለፈው ሳምንት ደወለ። አዲስ አበባ አንድ ደላላ ላንድሮቨር ዲፌንደር መኪና አሳይቶታል። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ጎማዎቿ አዲስ ናቸው፣ ዋጋዋም ከቶዮታ ጋር ሲተያይ ደህና ነው። «አንተ ይዘሃል አይደል? ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። ቶሎ መልስ መስጠት አቃተኝ። የኔዋ በዚያ ሰዓት ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ወርዶ ጋራዥ ውስጥ በግንድ ተደግፋ ቆማለች። እኔ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።

ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍለት።

የኔዋ ዲፌንደር 110 ናት፤ በፈረንጆቹ 1997 የተሠራች። ሞተሯ 300 ቲዲአይ የሚሉት ነው። ሁለት ሊትር ተኩል፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው ናፍጣ። 111 የፈረስ ጉልበት አላት። ቁጥሩን ሰምቶ የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። ከኔ በፊት የአንድ የእርዳታ ድርጅት ነበረች፣ ከዚያ በሁለት ሰው እጅ አልፋለች። እኔ የውሃ ፓምፕ ተካይ ነኝ። ሥራዬ ፎገራ፣ ሜጫ፣ አንዳንዴም ቁንዝላ ድረስ ይወስደኛል። ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ሲሚንቶው፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መድረስ አለበት። የገበሬው ማሳ ደግሞ አስፋልት ዳር ቆሞ አይጠብቅህም።

ለምን ቶዮታ አልገዛህም የሚለኝ ብዙ ነው። ብር ስለሌለኝ ነዋ! ያኔ ያየኋት ቶዮታ ሃርድቶፕ ዋጋዋ የዚህችን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ጊዜውም አልረዳኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱን ከባድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ ብረት ሁሉ በአንዴ ወርቅ ሆነ። ላንድሮቨር ግን ስሟ ያስፈራልና ገዢዋ ጥቂት ነው። እኔም የገባሁት በዚያች ቀዳዳ ነው።

ከአዲስ አበባ ሳመጣት ዓባይ በረሃ ላይ ተዋወቅን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሬን ሳልነካ በሞተሯ ብቻ ይዛኝ ወረደች። ወደ ደጀን ስንወጣ ከከባድ መኪኖች እኩል ተሰልፈን አዘገምን። አንድ አይሱዙ ሲቀድመኝ ሾፌሩ እጁን አውለበለበ። አዘኔታ ይሁን አክብሮት እስካሁን አላወቅሁም።

ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፎገራን በነሐሴ ያየ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ ከሥር ያለው ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ እንደ ሳሙና። ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ጎማውን ያለጥርስ ያስቀረዋል። ዲፌንደር አራቱም እግሯ ሁልጊዜ ይጎትታል፤ ፎር ዊል ማስገባትና ማውጣት የሚባል ነገር የለም። የሚቀርህ በትንሿ ዱላ የመሀሉን ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያካፍለውን፣ መቆለፍና ከባዱን ማርሽ ማስገባት ነው። ከዚያ ነዳጅ ሳትሰጣት በራሷ ትሳባለች፣ እንደ በሬ። አንድ ቀን ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርድ የሩዝ ማሳ ዳር የቆመ ፒክአፕ አገኘን። አዲስ ነው፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ይሠራል፣ ሆዱ ግን ጭቃው ላይ ተኝቷል። ገመድ አስረን አወጣነው። ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ስለ እሷ አውርቼ አልጠገብኩም። ባለቤቴ «እንግዲህ ነገ ደግሞ ታምማለች» አለች። በሦስተኛው ቀን ታመመች።

ወደ ሕመሟ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ፤ አማቼም ማንበብ ያለበት ይሄን ነው።

300 ቲዲአይ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ሞኝ የሚባል ዓይነት ቀላል አሠራር፣ ኮምፒውተር የሌለው። ጠላቱ ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው) የተቀመጠበት ቤት ላይ አንድ የፕላስቲክ ቡሽ አለ፣ ራዲያተሩም ላይ ሌላ አለ። ሃያ ምናምን ዓመት በሙቅ ውሃ የተቀቀለ ፕላስቲክ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰኔ ላይ ከዘጌ ስመለስ፣ ከተማው ሊታየኝ ሲል፣ የላይኛው ቡሽ ተሰነጠቀ። ውሃው ፈሶ አለቀ። እኔ ግን አላወቅሁም፣ ምክንያቱም የሙቀት መርፌው ወረደ እንጂ አልወጣም! መለኪያዋ የምታነበው የውሃውን ሙቀት ነው፤ ውሃው ከሌለ የምትለካው የላትም። «ዛሬስ ቀዝቅዛለች» ብዬ ደስ እያለኝ ነዳሁ። ሽታው ነው ያስቆመኝ።

መንገድ ዳር ያሉ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከጋለ ይጣመማል። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄደ። ቴስታታውን ማሽን ቤት ወስደን ፊቱን አስላጨነው፤ ሁለት ቀን ፈጀ። ጓርኒሲዮኑ ግን 18 ቀን አስቆመን። ባሕር ዳር የለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ሰው አገኘልኝና በአውቶቡስ ላከ። ሲመጣ ልኩ አይደለም። ለካ በሦስት ውፍረት ነው የሚሠራው፣ የሚለየውም ጠርዙ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። አሮጌውን ፎቶ አንስቼ መላክ ነበረብኝ። አሁን ሁሉንም ነገር ሳይፈታና ከተፈታ በኋላ ፎቶ አነሳለሁ። ስልኬ ውስጥ ከልጆቼ ፎቶ የሷ ይበዛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። እዚህ ከፍታችን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ 88 ላይ ነው። በመሀል ያለችው ልዩነት የጣት ስፋት ናት። ሞተሩን የሚያድነው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የውሃው ጋን ክዳን ነው። ክዳኑ ካላፈነ፣ ምንም ሳይበላሽ ሊፈላብህ ይችላል። ክዳኑ ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ሻጮች ደግሞ መጀመሪያ የሚተኩት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሌላ መኪና ክዳን።

ቡሾቹን አሁን ከናስ አሠራኋቸው። ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ አሮጌውን ለክቶ በግማሽ ቀን ቆረጠልኝ። ከፋብሪካው የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ የባጃጅ ኤሌክትሪሻን ደግሞ ቴስታታው ብረት ላይ የሚታሰር የሙቀት ማስጠንቀቂያ ገጠመልኝ። ሲጮህ እንደ አምቡላንስ ነው። እስካሁን የጮኸው አንዴ ነው፣ ያም ሽቦው ተላቆ።

ሁለተኛው በሽታ አሁን ያስተኛት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋ ሹካ አለ፤ በአንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ላይ ይደገፋል። ኳሷ ቀስ በቀስ ሹካውን ትበሳዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ፍሪሲዮን ስትረግጥ እግርህ ወለሉ ድረስ ይሄዳል፣ ማርሽ አይገባም። ሽማግሌው መካኒክ ገና ስገዛት «ይቺ ሹካዋ ይበሳል፤ ካምቢዮ ያወረድን ቀን ጀርባውን ብረት በይደንበታለን» ብለውኝ ነበር። እኔ «ሲበሳ እናያለን» አልኩ። እዚሁ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ባጃጆች ከኋላዬ ክላክስ እየነፉ ተበሳ።

እኚህ ሽማግሌ ባይኖሩ ይህችን መኪና በሦስተኛው ወር እሸጣት ነበር። ሙያውን የተማሩት በደርግ ጊዜ፣ በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ ነው። ወጣቶቹ መካኒኮች ጎበዞች ናቸው፣ ግን በቶዮታ እጅ ነው ያደጉት። አንዱ የመጀመሪያ ወር ላይ የኋላ አክስሏን ሲፈታ ብሎኑን እየደበደበ አበላሸው፤ ቁልፉ በሚሊሜትር ሳይሆን በኢንች መሆኑን ማን ይንገረው? ስለዚህ አማቼ፣ መኪናዋን ከማየትህ በፊት መካኒኩን ፈልግ። ዕድሜውንም ጠይቅ። የኔው ሽማግሌ ሰባ አልፏቸዋል፤ ያስጨንቀኛል።

ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ ቆጠርኩ። በ14 ወር ውስጥ 67 ቀን ቆማለች። ከነዚህ ውስጥ እጅ የተነካችው 12 ቀን ቢሆን ነው። ሌላው ሁሉ መጠበቅ ነው። ዕቃው አዲስ አበባ አለ ይባላል፣ የለም ይባላል፣ ይላካል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ይዘገያል። የድሮዋ ዲፌንደር ምርት ያቆመው በፈረንጆቹ ጥር 2016 ነው፤ ዕቃዋ ግን ዓለም ላይ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ መኖሩ ሳይሆን እዚህ መድረሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጠዋት የጠየቅኸው ዋጋ ከሰዓት አይጠብቅህም። ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ የተገዛችበትን አንድ ሦስተኛ ሆኗል። ይሄ ያናድዳል፣ ግን ይቻላል። 67ቱ ቀን ነው የማይቻለው። ሽንኩርቱ ውሃ እየጠበቀ ያለ ገበሬ «ጓርኒሲዮን በመንገድ ላይ ነው» ብትለው ምን ይገባዋል? ሁለት ሥራ በዚህ አምልጦኛል።

ሌላውን ቶሎ ልበል። ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 11፣ ጭነት ሲኖር 12 ሊትር ትጠጣለች። ለዕድሜዋ መጥፎ አይደለም፤ ሰልፉ ነው የሚያደክመው። ዝናብ ታስገባለች፤ በሐምሌ ቀኝ እግሬ ይሞቃል፣ ግራ እግሬ ይርሳል። ክርኔ በሩ ላይ ይጋጫል። ከ80 በላይ ስትነዳት ወሬ አይሰማም፣ ይሄ ከአማት ጋር ስትሄድ ጥቅም አለው። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም ይሉሃል። እውነት ነው፤ ከሥር የተሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፣ ዋልካው ውስጡ ገብቶ ከርሞ ይበላዋል። ትንሽ መዶሻ ይዘህ ሂድና ከኋላ በኩል ሻንሲውን ኳ ኳ አድርገው። ድምፁ ከደነዘዘ ወደ ቤትህ ተመለስ። ቀለሟ ማብረቅረቁ ለኔ ምልክት አይሆነኝም፤ እንዲያውም ያስጠረጥረኛል።

ደላላውን ደግሞ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት እመጣለሁ፣ ሞተሯን እንዳታነሳት» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሞቆ ከጠበቀህ የሚደብቁት ነገር አለ። ውሃው ላይ ዘይት የሚመስል ነገር ካለ አትከራከር። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ራስህ ተያይ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጧ ተከፍሎ ማለቁን በወረቀት ሳታይ ቀብድ እንዳትሰጥ። የኔዋ ስም ማዛወሩ ብቻ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ልግዛ ወይ ላልከው፣ ሌላ መሄጃ ካለህ ግዛ። ቤት ውስጥ ሁለተኛ መኪና ካለ፣ ወይም ለአሥር ቀን ብትቆም ሥራህ የማይቆም ከሆነ፣ እንዲህ ያለ መኪና አታገኝም። እንጀራህ በሷ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ብድር ገብተህም ቢሆን ሃርድቶፑን ፈልግ፤ ካልሆነም ቆይ። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ፣ የገዛሁት ግን እንደ መጀመሪያው ሆኜ ነው።

ትሸጣታለህ ወይ ብለህ ደግሞ መጠየቅህ አይቀርም። ሹካው ትናንት ተበይዷል። ቅዳሜ ካምቢዮው ይገጠማል፣ ሰኞ ከጋራዥ ትወጣለች ብለውኛል። ማክሰኞ ወረታ ላይ ሁለት ፓምፕ እተክላለሁ፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው አሉ። ለማንኛውም ለማክሰኞ አንድ ፒክአፕ ተከራይቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም።