የሙቀትና የእርጥበት ተቆጣጣሪ በደሴ ግሪንሃውስ፦ ከክረምት እስከ በልግ የሠራሁበት

የገዛሁት ለሙቀት ብዬ ነው፤ ገንዘቤን የመለሰልኝ ግን በእርጥበት በኩል ነው። ደሴ ላይ በላስቲክ ቤት ቲማቲም ሊያለማ ላሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው።

ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዲጂታል ተቆጣጣሪ ነው። ከላይ የሙቀቱን፣ ከታች የእርጥበቱን ቁጥር ያሳያል። ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ለቬንትሌተር (አየር ለሚለውጠው ማራገቢያ)፣ ሌላው ለማሞቂያ። ሴንሰሩ በረጅም ሽቦ ወጥቶ ተክሉ መሀል ይንጠለጠላል። የቻይና ሥሪት ነው፤ ያው ዕቃ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ትቼ ጠባዩን ልናገር። ግሪንሃውሱ ጓሮዬ ውስጥ ያለ፣ 4 በ6 ሜትር የሆነ፣ በብረት ቱቦ ቆሞ ነጠላ ላስቲክ የለበሰ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ሳይነቀል ሠርቷል።

ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ስለሚጋርደን ግን ቶሎ ይሸሻል፣ ላስቲኩም ወዲያው ይቀዘቅዛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ምንም አያስፈራም፤ ምቹ ነው። ያው አየር ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ ግን የያዘውን ውሃ መሸከም ያቅተውና ጤዛ ይሆናል። ቀን ሙሉ ቲማቲሙ በቅጠሉ የተነፈሰው ውሃ ማታ ተመልሶ በራሱ ላይ ይንጠባጠባል። ቬንትሌተሩ ባልሠራበት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ገብታችሁ ባትሪ ብታበሩ፣ ጠብታው በቱቦው ሥር ተሰልፎ፣ አንዱ ከአንዱ እየተገናኘ ወደ ቅጠሉ ሲወርድ ታያላችሁ። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ቀዝቃዛና እርጥብ ቅጠል ነው። መጀመሪያ የፈላ ውሃ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ፤ ከዚያ በኋላ ማሳውን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ተቆጣጣሪውን 80 በመቶ ላይ አድርጌ ልዩነቱን 5 ሰጠሁት። ይህ ማለት እርጥበቱ 80 ሲያልፍ ቬንትሌተሩ ይነሳል፣ 75 ሲደርስ ያርፋል። ልዩነቱን 1 ወይም 2 ላይ ከተዋችሁት ሪሌው (የውስጡ ማብሪያ ማጥፊያ) እየተንጣጣ ሞተሩን ያደክመዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ እርጥቡን አየር አስወጥቶ ደረቁን ያስገባልኛል። በበጋው ወራት ላስቲኩ ከውስጥ ደርቆ ሲያመሽ ደስታው ሌላ ነው። ዘንድሮ ቅጠል ለቅሜ ያቃጠልኩት ከወትሮው እጅግ ያነሰ ነው።

አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለው፦ የሙቀቱና የእርጥበቱ ክፍል አይነጋገሩም። በታኅሣሥ ሌሊት ውስጡ 6 ዲግሪ ሆኖ እንኳ እርጥበቱ ከፍ ካለ ቬንትሌተሩን አስነስቶ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣታል። መፍትሔው በሶኬቱና በቬንትሌተሩ መሀል ተራ ታይመር መሰካት ነው፤ ቬንትሌተሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ። ይህንን ካላደረጋችሁ ዕቃው በብርድ ወቅት ጠላታችሁ ነው።

ማሞቂያውስ? ለውርጭ አልመክረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ነጠላ ላስቲክ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ውስጡ ከውጪው የሚብስበት ጊዜም አለ። ያንን በኤሌክትሪክ ለመቋቋም መሞከር ቆጣሪ ማስሮጥ ነው። እኔ ጥቁር የተቀቡ ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ውሃ ሞልቼ በሰሜኑ ግድግዳ ደረደርኩ። የአንዱ በርሜል ውሃ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፣ ያውም በነጻ። ማታ ማታ በተክሉ ላይ ስስ ላስቲክ ሲደረብ ደግሞ ውርጩ ቅጠሉ ላይ አይደርስም።

ማሞቂያው የሚያስፈልገው በክረምት ነው፣ ያውም ለማድረቅ። በሐምሌና በነሐሴ የውጪው አየር ራሱ የጠገበ ስለሆነ ቬንትሌተሩ ቢሽከረከር ቢሽከረከር ለውጥ የለውም። ነገር ግን 12 ዲግሪና 95 በመቶ የሆነ አየር ወደ 15 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ሲሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ዝናቡ ለተከታታይ ቀናት ካላባራ ብቻ ነው የማበራው።

መብራት ሲሄድ ዕቃው ይተኛል፤ ሲመጣ ግን የተሞላበትን ቁጥር አይረሳም። ማዘግያውን 3 ደቂቃ ላይ አድርጉት፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሞተሩን እንዳይመታው። እኩለ ቀን ላይ ከጠፋ ደግሞ የላስቲኩን ጎን በእጅ የሚጠቀለል ካላደረጋችሁት በቀር ተክሉ ሲቀቀል ቆማችሁ ማየት ነው። ስለዚህ የሚጠቀለለውን ጎን ከተቆጣጣሪው በፊት ሥሩት።

ቬንትሌተር ስትመርጡ ከፍታችንን አትርሱ። ባለሙያዎች በሙቅ ሰዓት የቤቱ አየር በደቂቃ አንድ ጊዜ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ለእኔ ቤት ይህ በሰዓት 3,300 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ደሴ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ክብደቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት አንድ ሦስተኛ የሚጨምር፣ ወደ 4,400 የሚጠጋ ያስፈልጋል። ሻጮች ይህንን አይነግሯችሁም።

ሴንሰሩን ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ጎንና ጎኑ በተበሳ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ከልሉት፣ ቁመቱም ከተክሉ ጫፍ ጋር ይሁን። መድኃኒት ስትረጩ አውጡት። እንዲያም ሆኖ ከጊዜ ጋር ይዋሻል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የወጥ ጨው በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጋችሁ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከሴንሰሩ ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። የእኔው በየካቲት 82 አሳየኝ፤ በማስተካከያው 7 ቀነስኩለትና ቀጠለ። ማስተካከያ የሌለውን ዓይነት በጭራሽ አትግዙ፤ ተተኪ ሴንሰር ለብቻው መገኘቱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፤ ብርዱ ሳይሆን ቀትሩ ነው የሚፈትናችሁ። ቲማቲም ከ32 ዲግሪ በላይ አበባው ይረግፋል። ገንዘባችሁን መጀመሪያ በጥላ መረብና ሰፊ መስኮት ላይ አውሉት፤ ተቆጣጣሪው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።