ፒያሳ ቀለበት ለማስጠበብ ስትሄዱ ሳታስመዝኑ አትስጡ

ቀለበት ለማስጠበብ ወይም ለማስፋት ወደ ፒያሳ የምትወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። በእኛ ላይ የደረሰው ባለፈው ወር ነው። የተጎዳውም የእናቴ የቃል ኪዳን ቀለበት ነው።

እናቴ ታማ ከተነሣች በኋላ ስለከሳች ቀለበቱ እጇን በታጠበች ቁጥር እየወለቀ አስቸገራት። ፈርጥ የሌለው ልሙጥ የ18 ካራት ቀለበት ነው። በውስጡ የአባቴ ስምና «ጥር 1976» የሚል ተቀርጾበታል። የምናውቃቸው ወርቅ ሠሪ ይሠሩበት የነበረው ቤት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል። ስለዚህ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስንወርድ ካገኘነው አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ወጣቱ ሻጭ በአክብሮት ተቀበለን። «እማማ፣ አይቆረጥም፤ ተጭኖ ነው የሚጠብበው። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው ይውሰዱ» አላት። የእጅ ዋጋውም ቀላል ነበር። ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ሰጠን፤ እኛም ደረሰኝ ሳንጠይቅ ወጣን።

ቀለበቱ እያብረቀረቀ መጣ፤ ጣቷም ላይ ልክ ሆነ። ታክሲ ውስጥ አውልቃ አገላብጣ ካየችው በኋላ ዝም ብላ አቀበለችኝ። «ጥር 197» ይላል። 6ቱ የለም። በነበረበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከሌላው ወርቅ ነጣ ያለ መስመር ተጋድሟል። አይቆረጥም የተባለው ቀለበት ተቆርጦ ተበይዷል ማለት ነው።

ወዲያው ተመለስን። ከሳምንት በፊት ሌላ ሱቅ ዋጋ ስንጠይቅ ተመዝኖ 4.80 ግራም መሆኑን ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። አሁን ሲመዘን 4.10 ሆነ። የተሰጠን መልስ «ወርቅ ሲሠራ ይጎድላል» የሚል ነው።

ብዙ ሰው የሚሸኘው በዚህች ቃል ስለሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በ1 ሚሊ ሜትር እንዲጠብብ ከዙሪያው የሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእናቴ ቀለበት ዙሪያው 62 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ የተቆረጠው ከ20 አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ በክብደት 0.24 ግራም ያህል። ለሞረድና ለማወልወል ጥቂት እንተውላቸው። ከ0.4 ግራም የማያንሰው የት ገባ? ጠርዙን በጣቴ ስዳብሰው ቀጥኖ አገኘሁት። የተቆረጠችው ቁራጭም የእኛ ወርቅ ናት፤ ማንም አልመለሰልንም።

በኋላ የድሮውን ወርቅ ሠሪ በስልክ አፈላልገን አገኘናቸው። የአባቴንም ቀለበት ማስጠበብ ስለነበረብን ይዘን ሄድን። ጋሼ መጀመሪያ መዘኑት፤ 6.30 ግራም። ከዚያ መጠናቸው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ የሚሄድ ቀዳዳዎች ያሉበት ወፍራም የብረት ሰሌዳ አወጡ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ከቀለበቱ በጥቂቱ ብቻ የሚያንሰውን ቀዳዳ መርጠው ጫን አደረጉት፤ ገልብጠውም በሌላው ጎን ያንኑ ደገሙ። በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ አንደኛው ጠርዝ እንደ ሲኒ አፍ ሰፍቶ ይቀራል አሉን። ወርቅ ሲለቁት ትንሽ ስለሚመለስ፣ በየመሐሉ እያወጡ በሾጣጣው መለኪያ ላይ ያዩታል። አንድ ቀዳዳ መዝለል የለም። እየተጫነ ሲሄድ ወርቁ ስለሚደድር ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያመጣ በእሳት አሙቀው አቀዘቀዙት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ሲጨርሱ መዘኑት፤ 6.30። ተጭኖ የጠበበ ቀለበት ክብደቱ አይነካም፤ በውስጡ የተጻፈውም በቦታው ይኖራል።

በዙሪያው ፈርጥ የተደረደረበት ቀለበት ግን በዚህ መንገድ አይጫንም፤ መቆረጡ የግድ ነው። በእጅጉ የሚጠብብም እንዲሁ። ያኔ ከመቆረጡ በፊት ይነገራችሁ፤ ቁራጯን ተቀበሉ፤ የሚበየድበት ወርቅ ስንት ካራት እንደሆነም ጠይቁ። ለማስፋት ወርቅ ከተጨመረበት ደግሞ የምትከፍሉት ሚዛኑ ላይ ለታየው ጭማሪ ብቻ ይሁን። በጥቂቱ ተወጥሮ የሚሰፋ ከሆነ ክብደቱ እንዳለ መቆየት አለበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ክብደቱ፣ ካራቱና «ሳይቆረጥ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ካልተሰጣችሁ ቀለበታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እናቴ 6ቱ ተመልሶ እንዲቀረጽ አልፈለገችም። ቀለበቱን በመሐረብ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እኔ አቤቱታ ልጽፍ ተቀምጬ በእጄ ያለውን ማስረጃ ስፈልግ ያገኘሁት ያችኑ ብጣሽ ወረቀት ነው። 43 የሚል ቁጥር አለባት፤ የሱቁ ስም የለባትም።