ከነርስነት ወደ ሆሚዮፓቲ፦ ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ተረኛ ነርስ ለአንድ ታካሚ የምትሰጠው ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል። ሆሚዮፓት፣ ማለትም ሆሚዮፓቲ የሚባለውን አማራጭ ሕክምና የምትሰጥ ባለሙያ፣ ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት እየጠየቀች ከሰዓት በላይ ልትቆይ ትችላለች። ነርሷን የሚስባት ይህ ይመስለኛል፤ በሩጫ የደከመች ባለሙያ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይናፍቃታል።

መድኃኒቱ ላይ ሲደረስ ግን ሚዛኑ ያጋድላል። ነርሷ የምትሰጠው መድኃኒት መጠኑም ጉዳቱም ተመዝግቦ ይታወቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 ያስተዋወቀው ሆሚዮፓቲ «መሰል በመሰል ይድናል»፣ ማለትም በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ምልክት የሚያመጣ ንጥረ ነገር ያንኑ ምልክት ያለበትን ሕመም ያድናል ብሎ ንጥረ ነገሩን ደጋግሞ ያቀጥናል። በመድኃኒቱ ላይ የሚጻፈው «30 ሲ» ማለት በእያንዳንዱ ዙር ከመቶ አንድ እጅ እየሆነ 30 ጊዜ የቀጠነ ነው፤ ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው አንዲት ሞለኪውል መቅረቷ እንኳ ያጠራጥራል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም ሕመም የለም።

ፈቃዱም ይለያያል። በብሪታንያ «የተመዘገበ ነርስ» ለመባል በሕግ መመዝገብ ግድ ነው፤ ሆሚዮፓት ለመባል ግን ሕጉ አያስገድድም።

መንገድ የቀየረች ነርስ አንድ ብልጫ አላት፦ አንገቱ የደረቀ ትኩሳታም ሕፃን ሲመጣ ወዴት መሮጥ እንዳለባት ታውቃለች።