«አጠውልግ አይነካውም» የተባልኩት የበርበሬ ችግኝ

ሰኔ ላይ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ካለ ችግኝ ሻጭ 40 የበርበሬ ችግኝ ገዛሁ። ስሙ ይቅር። 20ው ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ፣ 20ው ደግሞ «የአገሬው፣ የደምቢያ» ያለኝ ነው። «የአገሬውን አጠውልግ አይነካውም፣ አይዞህ» አለኝ። አጠውልግ ተክሉን አጠውልጎ የሚያደርቅ በሽታ ነው፤ አምና አበባ ሲይዝ መደብ ሙሉ በርበሬ ደርቆብኛል፤ እስቲ ልየው አልኩ።

ችግኙ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጠንካራ ነው፣ ሥሩ ከነአፈሩ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም።

ሁለቱን ለየብቻ መደብ ብተክል ግን ዝቅ ባለው በኩል ውሃ ይተኛና፣ ያው የእኛ ዋልካ አፈር ነው፣ ዘሩ ደካማ ሆኖ ይሙት ወይ ውሃው ይግደለው መለየት አልችልም። ስለዚህ አንድ ማረቆ አንድ የአገሬው እያፈራረቅሁ፣ አምና በርበሬ የሞተበት መሬት ላይ ተከልኩ። ባለቤቴ «አብደሃል እንዴ?» አለች። አጠውልግ የሚያመጣው ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ፈተና ከተባለ እዚያው ነው።

መስከረም ላይ ጀመረ። ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ጭራሽ ይቀራል። አንዱን ነቅዬ ግንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ባክቴሪያ እንዳይሆን ቁራጩን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ነከርኩት። ባክቴሪያ ቢሆን እንደ ወተት ያለ ክር ይወርድ ነበር፤ ምንም የለም። ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ነው ብዬ ያዝኩ።

ከማረቆው 13 ሞተ፣ ከአገሬው 6። እንግዲህ «ይሻላል» ቢለኝ ምን ነበረበት? «አይነካውም» ግን ውሸት ነው።

የአገሬው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ዛላውም ይለያያል። በርበሬ በንብ ስለሚዳቀል የገበሬ ዘር ድብልቅ ነው። ተመልሼ «ዘሩ የማን ማሳ ነው?» ብለው፣ ለካ ቅዳሜ ገበያ ደረቅ ዛላ ገዝቶ ነው ያራገፈው! ደምቢያ መሆኑንስ በምን አወቀ?

በቀለም ማረቆን የሚያህል አላየሁም፣ ዛላውም ትልቅ ነው። የአገሬው ቀጭን ነው፣ ግን ያቃጥላል፤ ለአዋዜ እሱን እመርጣለሁ።

ለችግኙ ከ5 4፣ ለምላሱ 1። ከሄዳችሁ የአገሬውን ውሰዱ፣ መደቡን ከፍ አድርጉ። እኔ ከተረፉት 14 ዘር ይዣለሁ፤ መሬቱን ለከርሞ በቆሎ እዘራበታለሁ፣ ቲማቲምና ድንች ግን የበርበሬ ዘመዶች ስለሆኑ አላስጠጋም።