ላውተርብሩነን፦ ገንዘባችሁን ጫፉ ላይ አትጨርሱት

በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን የሚገኘው የላውተርብሩነን ሸለቆ በሁለት ገደሎች መካከል የተጋደመ ጠባብ ሜዳ ነው። መንደሩ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የቆመ ዐለት ሲሆን ከየዐለቱ አናት ውኃ ይወርዳል። የአካባቢው ሰዎች ፏፏቴዎቹ 72 ናቸው ይላሉ። እኔ አልቆጠርኳቸውም፤ ሌሊቱን ዝናብ ካደረ በኋላ ግን በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

የሄድነው እኔ፣ እናቴና የእህቴ ልጅ ነን፤ ሦስት ዓይነት ጉልበት ይዘን ማለት ነው። የእናቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ የልጁ ሃያ አልሞላውም፣ የእኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሣ የሒሳብ ሠራተኛ ጉልበት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በሙያዬ ዐይን ነው፦ ለከፈልነው ፍራንክ ምን አገኘን? በዚያ ሸለቆ ማስታወቂያው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ጫፍ ይጎትታል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እኔ እንደማየው ግን ከሁሉ የሚሻለው ታችና መሐል ላይ ያለው ነው።

ከኢንተርላከን ኦስት ጣቢያ ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ባቡር ጽቫይሉትሺነን ከምትባል ትንሽ ጣቢያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ይህን የሰሙት በመጨረሻዋ ደቂቃ ነበርና ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ሌላው ፉርጎ ሲሮጡ አየናቸው። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብባችሁ ግቡ።

መንደሩ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚታየው የሽታውብባኽ ፏፏቴ ነው። 297 ሜትር ከፍታ አለው። ውኃው ከገደሉ ጫፍ ተወርውሮ አየር ላይ ይበተናል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ሜዳው ላይ የሚደርሰው እንደ ካፊያ ሆኖ ነው። ለማየት ምንም አይከፈልም። በአውሮፓ በጋ ዐለቱ ውስጥ በተፈለፈለ መተላለፊያ ወደ ፏፏቴው ጀርባ መውጣት ይቻላል፤ እኛም ወጥተናል። መውጣቱ ያደክማል፤ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ፏፏቴውን በሚገባ ለማየት ከልክ በላይ ቀርባችኋል። ከመንደሩ መንገድ ላይ ሆኖ በጠዋት ፀሐይ ማየት ይበልጣል። ዝናብ በጠፋበት ሰሞን ውኃው ስለሚሳሳ፣ ፎቶግራፍ ላይ ያያችሁትን ያህል ባታገኙ አትደነቁ።

ትሩመልባኽ ግን ለብቻው ነው። ከመንደሩ በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፤ በእግርም ይደረሳል። የአይገር፣ የሞንኽና የዩንግፍራው ተራሮች የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ውኃው እዚህ ይሰበሰብና ተራራውን ከውስጥ እየሰረሰረ ይወርዳል። አሥሩም ፏፏቴዎች ያሉት በዐለቱ ሆድ ውስጥ ነው። በሚሞላበት ጊዜ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ውኃ ያልፋል፤ በዓመት ደግሞ 20,000 ቶን ያህል ድንጋይና ጠጠር ጠርጎ ያወርዳል። ይህ ቁጥር ብሮሹር ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም። እጃችሁን መደገፊያው ብረት ላይ ስታሳርፉ ግን ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ በክንድ በኩል ወደ ትከሻ ይዘልቃል። መነጽሬ በርጭቱ ተሸፍኖ ሦስት ጊዜ ያህል ጠረግሁትና ኋላ ተውኩት። ዐለቱ ከውኃው ጋር ሲተሻሽ ኖሮ ተልጓል፤ መብራቱ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ውኃው እየተሽከረከረ የቦረቦራቸው ጉድጓዶችም ይታያሉ። መነጋገር አይቻልም። እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «ይኼ ሁሉ ተራራ ውስጡ ባዶ ኖሯል እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

በዐለቱ ውስጥ የተሠራ አሳንሰር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ነበረ። ይህን ስትሰሙ ግን ጉልበት አያስፈልግም ብላችሁ አትደምድሙ። አሳንሰሩ የሚያደርሰው እመሐል ነው፤ የላይኞቹን ፏፏቴዎች ለማየት እርጥብ ደረጃ መውጣት ይቀራል። እናቴ ቀስ እያለች ወጣችው፤ መደገፊያው ጠንካራ ነው። በበጋም ቢሆን ብርድ አለውና ጃኬት ያዙ፤ ጫማችሁም የማይንሸራተት ይሁን። ከአራት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት አይገቡም፤ በአውሮፓ ክረምትም ይዘጋል። መግቢያው ከሃያ ፍራንክ በታች ነበር። በጉዟችን ሁሉ ከከፈልነው ሒሳብ አንድም ቅር ሳይለኝ የከፈልኩት ይህን ነው።

ከዚያ በወንዙ ዳር ያለው መንገድ እስከ ሽቴኸልበርግ ይቀጥላል። ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ከመንደሩ ሲነሡ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንዙ ነጣ ያለ ግራጫ ቀለም ያለው፣ የበረዶ ግግሩ የፈጨውን የድንጋይ ዱቄት ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው። በየመገናኛው ቢጫ ምልክት ቆሞ የሚወስደውን ሰዓት ይናገራል፤ ሰዓቱ ግን ዕረፍትን አይጨምርም። እኛ እናቴን ይዘን ስለነበር በተጻፈው ላይ ግማሹን እየጨመርን እናሰላ ነበር፤ ትክክል ሆኖ አገኘነው።

አሁን ወደ መሐሉ ልውጣ። ቬንገን መኪና የማይገባባት መንደር ናት፤ 1,274 ሜትር ላይ ትገኛለች። የሚወስደው ባቡር ከ1893 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ በሐዲዱ መካከል የተዘረጋውን ጥርሳም ብረት በማርሽ እየነከሰ ዳገቱን ይወጣል። ከቬንገን በኬብል ካር ወደ ሜንሊኸን ትወጣላችሁ። የተራራው ጫፍ 2,343 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ አየሩ የእኛን ሰው አያስቸግርም። የጠቀስኩት መሐል ይህ ነው። ከዚያ ወደ ክላይነ ሻይዴግ የባቡር ጣቢያ የሚወስደው የእግር መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ሰፊ ነው፣ የሚበዛውም ቁልቁለት ነው። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወላጆች ሳይቀሩ ያልፉብናል።

መንገዱን ልዩ የሚያደርገው ተራሮቹ ከፊት ለፊት መሆናቸው ነው። ሌላ ቦታ ዕይታ ለማግኘት ዞር ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን በየእርምጃው ወደ እነሱ እየቀረባችሁ ትሄዳላችሁ። አይገር 3,967፣ ሞንኽ 4,110፣ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር። የአይገር ሰሜናዊ ገጽታ 1,800 ሜትር ያህል ወደ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ሰዎች መጀመሪያ የወጡት በ1938 ነው። ልጁ ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሰው የሚወጣው ምን አጥቶ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ክላይነ ሻይዴግ ላይ ሰው ይበዛል፤ ትንሽ ቁልቁል ወርዳችሁ ቬንገርናልፕ አካባቢ ብትቀመጡ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ከዩንግፍራው ላይ በረዶ ይወድቃል። እኛ መጀመሪያ ያየነው ከዐለቱ ላይ የሚፈስ ነጭ አቧራ ነበር፤ ቀጭን፣ ምንም የማያስፈራ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ፤ የነጎድጓድ ድምፅ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ እየተንከባለለ ቆየ። እናቴ አማተበችና ቀና ብላ ደመና ፈለገች። ሰማዩ ላይ አንድም አልነበረም። ሣሩ ላይ ለመቀመጥ ማንም ገንዘብ አልጠየቀንም።

ስለ ዩንግፍራውዮኽ ደግሞ በትክክል እንፍረድ። 3,454 ሜትር ላይ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ሥራውን በ1896 ያስጀመረው አዶልፍ ጉየር ጸለር ፍጻሜውን ሳያይ ሞተ፤ ሐዲዱ ያለቀው በ1912 ነው። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው መንገድ አብዛኛው በአይገርና በሞንኽ ሆድ ውስጥ ያልፋል። በዚያ ዘመን ይህን ላሰቡና ለቆፈሩ ሰዎች ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ላይ ሲደረስ በአልፕስ ረጅሙ የሆነው የአሌች የበረዶ ግግር ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ይታያል። ግን ቅናሽ ለሌለው ሰው ደርሶ መልስ ትኬቱ እንደ ወቅቱና እንደ መነሻው 200 ፍራንክ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የምትገዙትም ተራራውን ሳይሆን የዕለቱን ሰማይ ነው። እኛ በመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ወጥተን ሁሉንም አየን። ከእኩለ ቀን በኋላ የመጡት ሰዎች መስኮቱ ላይ ተደግፈው የሚያዩት ነጭ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ የከፈሉት ግን እኩል ነው። የጫፉ ምስል በቀጥታ ካሜራ በነፃ ስለሚታይ፣ ጠዋት ሳታዩ ትኬት አትግዙ። ልጁ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ራሱን አሞት ተቀመጠ። እናቴ ክላይነ ሻይዴግ ቀርታ ሻይዋን እየጠጣች አይገርን ስታይ ነበር የዋለችው፤ ከሦስታችን ያተረፈችው እሷ ትመስለኛለች።

የቅናሽ ካርዶቹ ነገር ያደናግራል። በአጭሩ፣ የስዊስ ትራቭል ፓስ እስከ ቬንገንና እስከ ሙረን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ወደ ዩንግፍራውዮኽ ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው። የግማሽ ዋጋ ካርዱ ደግሞ እስከ ላይ ድረስ በግማሽ ያስኬዳል። ብዙ ተራራ ለመውጣት ካሰባችሁ ሁለተኛውን፣ አገሩን ለመዞር ከሆነ የመጀመሪያውን አስሉ።

በሸለቆው ምዕራብ ገደሉ አናት ላይ ሙረን አለች፤ 1,638 ሜትር። እሷም መኪና የላትም። ከሽቴኸልበርግ የሚነሣው አዲሱ ኬብል ካር በ2024 ማብቂያ ሥራ የጀመረ ሲሆን በዓለም ከሁሉ የበለጠ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነው ይባላል፤ ተዳፋቱ 159.4 በመቶ ነው። እናቴ እስኪቆም ድረስ ዐይኗን አልገለጠችም። ልጁ ከሙረን ወደ ጊመልቫልድ በገደሉ ላይ በብረት ገመድና በብረት መርገጫ የሚኬድበትን ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ከአስጎብኚ ጋር ሄደ፤ ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አፉ ግን አላረፈም። እኔ ጊመልቫልድ ጠበቅሁት። ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ የላም ደወል፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የማገዶ እንጨት ያለባት መንደር ናት፤ ከሙረን ይልቅ ወደድኳት። ከገደሉ ላይ በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችንም ታያላችሁ፤ እዚያ ስፖርቱ የታወቀ ነው፤ የሰው ሕይወትም ቀጥፏል። አጥብቄ የምመክረው ማየቱን ብቻ ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። ተፍቆ የተጠበሰው ድንች፣ ሮሽቲ የሚሉት፣ ከዕንቁላልና ከአይብ ጋር ያጠግባል። በአንድ ምግብ ቤት፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከቧንቧ ተቀድቶ ለመጣልን ውኃ አስከፈሉን፤ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ ደግሞ የሚጠጣ ውኃ ከመንደሩ ምንጭ ሌት ተቀን በነፃ ይፈስሳል። ከዚያ ወዲያ ዳቦና አይብ ከሱፐርማርኬት እየገዛን፣ ጠርሙሳችንን ከምንጩ እየሞላን ምሳችንን በየመንገዱ በላን።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ታች ያለው መንደር ለባቡር ይመቻል፤ ቀን ቀን ግን ጎብኚው መንገዱን ይሞላዋል። ቬንገን ጸጥ ያለች ናት። በጥር ወር ከ1930 ጀምሮ የሚካሄደው የላውበርሆርን የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ሲኖር ግን አልጋ አይገኝም። በሜይና በኖቬምበር ብዙዎቹ ኬብል ካሮች ለጥገና ይቆማሉ፤ ከፍ ያሉት የእግር መንገዶችም እስከ ጁን በረዶ ሊይዛቸው ይችላል። አልጋ ከመያዛችሁ በፊት የሜንሊኸን ኬብል ካር በምትሄዱበት ሳምንት መሥራቱን አረጋግጡ።