ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ላሉት ሲስተር፦ ከአንድ የሚኒባስ ሹፌር የተጻፈ ምስጋና

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም፤ እጄ መሪ ነው የለመደው። ስህተት ካያችሁ እለፉኝ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ዕዳ ሆኖ ይከተለኛል ብዬ ነው ዛሬ አንድ ዙር ትቼ የተቀመጥኩት።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ነርስ ናት እላለሁ እንጂ እስከ ባለፈው ወር ዲግሪ እንጂ ፈቃድ አልነበራትም። የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ጋውን ለብሳ፣ ፎቶዋ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የጤና ሚኒስቴሩ የሙያ ፈቃድ ፈተና ላይ ስትደርስ ወደቀች። ሲኦሲ የምንለው ማለት ነው። ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ምኑ ነው ያስቸገረሽ ብንላት "የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤው" አለች። ሆዷ እንዲያ ገፍቶ! እናቷ "አንቺ ራስሽ ልትወልጂ አይደል እንዴ?" ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወለደች በኋላ ለፈተናው ያዘጋጃል ወደተባለ ቦታ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። 6,000 ብር በአንዴ ክፈሉ አሉን። ያ ገንዘብ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ባለቀ ጎማ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር የሆነ ይፍረደኝ። ከፈልን። አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፤ አስተማሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስላይድ ያነባል። ጥያቄ ስትጠይቅ "ቴሌግራሙ ላይ አለ" ይላታል። ቴሌግራሙ ላይ ያለው ደግሞ ለፈረንጅ አገር ነርሶች ተብሎ የተዘጋጀ ጥያቄ ነው። "የወጣ ጥያቄ" እያሉ በሌላ 500 ብር የሚሸጡት ፎቶ ኮፒም ነበር። የአንዱ ጥያቄ መልስ ፊት ላይ "ሀ" ነው ይላል፣ ያው ጥያቄ ኋላ ላይ ተደግሞ ሲመጣ "ሐ" ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ልጃችን አለቀሰ። የአምስት ሳምንት ልጅ ምን ያድርግ? በር ላይ ያለችው ልጅ "ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ እዚህ ማዋለጃ አይደለም" አለቻት። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚነበበው ስለ ጡት ማጥባት ነበር፤ ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ራሷ ናት። ብራችንን መልሱ ብንል "ደረሰኙ ላይ አይመለስም ይላል" ተባልን። ይላል፣ እውነት ነው። በአጉሊ መነጽር ካነበባችሁት። ያን ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ምን እንደነዳሁ አላውቅም።

ሲስተርን ያገኘናቸው በተሳፋሪ ነው። ከፒያሳ የተሳፈረች አንዲት ልጅ በስልክ ከባለቤቴ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምታ "ለምን ሆጤ ሲስተር ጋ አትወስዳትም? እኔን ያሳለፉኝ እሳቸው ናቸው" አለችኝ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ታፔላ የላቸውም፤ በሳሎናቸው ስድስት ስድስት ሰው ብቻ እየያዙ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ልጁን ምን እናድርገው ብለን ስንጨነቅ ነው በሩ ላይ የደረስነው። ባለቤቴ እኔ መኪና ውስጥ ይዤው እንድቆይ ለምናኛለች፤ እኔ ደግሞ ተራዬ ሊያልፈኝ ነው። ሲስተር የውጭውን በር ከፈቱ፣ አዩን፣ ከሰላምታም በፊት "ልጁ ይበርደዋል፣ ግቡ" አሉ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ሲወርድ አጥንት ነው የሚፈልገው።

ሌሎቹ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ሲስተር ልጄን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት፣ ልብሱን ከደረቱ ከፍ አደረጉና "መጽሐፉ መጣላችሁ። በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? ቁጠሩ" አሏቸው። እኔም በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ወዲያው ጠፋብኝ። አንዱ 36 አለ፣ አንዷ 52፣ ባለቤቴ 44። ሲስተር ዝም ብለው አዳመጡና "ሁላችሁም በአራት የሚካፈል ቁጥር አመጣችሁልኝ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት ያባዛችሁ ሌቦች!" አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነትም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ከዚያ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሙሉ ደቂቃ አስቆጠሯቸው። 47። ጨቅላ እንደ ትልቅ ሰው እኩል አይተነፍስም፣ ይቸኩላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቸኩላል፤ ስለዚህ 60 ሰከንድ ሙሉ ይቆጠራል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ ከመጣ እንደገና ይቆጠራል፤ ያው ከሆነ ፈጣን ነው፣ አደጋ አለ። ይህን እኔ ሹፌሩ አውቄ ወጣሁ።

ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ባለቤቴ ደንግጣ ብድግ አለች። ካለፈው ቦታ የተረፋት ድንጋጤ ነው። ሲስተር "ተቀመጪ፣ አብሽሪ" አሏት። አጥብታው ሲጨርስ ከጓዳ አሮጌ አንቀልባ አመጡና ልጄን አዘሉት። አዝለውት ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከስድሳ ዓመት ያለፉ ሴትዮ ናቸው እኮ! ጠመኔውን ይዘው ወዝወዝ እያሉ ይጽፋሉ፣ ልጄ ጀርባቸው ላይ ጭልጥ አለ። ባለቤቴ ከወለደች ወዲህ ሁለት እጇ ባዶ ሆኖ እስክሪብቶ ስትይዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። መናኸሪያ ተራዬ አልፎኝ ነበር። ይለፍ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ አንቀልባው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንድም ቀን ልጁ አስቸገረ አላሉም።

ባለቤቴ በሳቸው ፈቃድ ትምህርቱን በስልክ ትቀዳዋለች፤ እኔ ሐረጎ ላይ መኪና ውስጥ እከፍተዋለሁ፤ ማታ ልጠይቃት ብዬ ነው። ሳልፈልግ ስንቱን ተማርኩ! ሲስተር የሚደጋግሟት አንዲት ቃል አለች፦ "እጅሽ የት ነው?" እናትየዋ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ማህፀኗ እንደ ቡኮ ለስልሷል፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ባለቤቴ "ሐኪም እጠራለሁ" ትላለች። "ጥሪ፣ እየጮኽሽ ጥሪ። እጅሽ ግን የት ነው?" እጅ ማህፀኑ ላይ ነው መሆን ያለበት፤ እየታሸ እንዲጠነክር። ማህፀኑ ወደ ቀኝ ካጋደለ ደግሞ ፊኛዋ ሞልቷል፣ ሽንቷን ታሸናለች። ይህችን ብቻ ሃያ ጊዜ ሰምቻለሁ። ማግኒዥየም የሚባል መድኃኒት ሲሰጥ ጉልበት በትንሽ መዶሻ ይመታል ይላሉ፤ ያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሷ ገብቷታል፣ ይበቃል።

አንድ ቀን ስለ እንገር የሚያወሩት ክፍል ተከፍቷል። እንገሩ እንዳይደፋ፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ ቅቤ እንዳይልስ ይናገራሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት "ኧረ ይቺ ሴትዮ ምን ትላለች! ስምንት ልጅ በቅቤ ነው ያሳደግሁ" ብለው ተነሱ። መኪናው ሙሉ ተከራከረ፤ ረዳቴ ሳይቀር። ኮምቦልቻ ስንደርስ እኚያው እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው "ሴትዮዋ ደሴ የት ናት? ምራቴ ልትወልድ ነው" አሉኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ የቀይ ስር ውሃ በጥብጠው አሮጌ አንሶላ ላይ ደፉና "ይህ ደም ቢሆን ስንት ነው?" አሏቸው። ሁሉም አሳንሰው ነው የገመቱት። ሲስተር ባዶውን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አሳዩዋቸው። ያለ ኦፕራሲዮን የወለደች ሴት 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከፈሰሳት ብዙ ፈሰሰ ይባላል፤ ያ ማለት አንድ ሃይላንድ ነው፤ አንሶላ ላይ ሲሆን ግን ዓይን ያታልላል። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ስትገባ "ቁጥሩን እኮ አውቀው ነበር፣ አይቼው ግን አላውቅም" አለችኝ።

የጳጉሜንዋን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ያ 6,000 ብር የከፈልንበት ቦታ የመውለጃ ቀን አቆጣጠር ያስተማሯቸው በፈረንጅ ካላንደር ነው፤ ሦስት ወር ቀንስ፣ ሰባት ቀን ደምር። ሲስተር ባለቤቴን የራሷን ጠየቋት። የመጨረሻ የወር አበባዋ ሐምሌ 4 ነበር። "መቼ እወልዳለሁ ብለሽ ጠበቅሽ?" "ሚያዝያ 14።" "መቼ ወለድሽ?" "ሚያዝያ 9።" አፈረች፤ ጳጉሜንን ረስታ ዘጠኝ ወር ላይ 10 ቀን ደምራ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ላይ 10 ቀን የሚደመረው መሐል ላይ ጳጉሜን ከሌለች ነው። ጳጉሜን ካለች 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ጠቅላላው 280 ቀን መሙላት አለበት። የክትትል ካርዷ ላይ ሚያዝያ 9 ተብሎ ተጽፎ ነበር እኮ! "ተሳስተው ነው፣ 14 ነው" ብላኝ ነበር፤ ነርሷ እሷ ናትና አመንኳት። ምጡ ሲመጣ እኔ ኮምቦልቻ ላይ ተሳፋሪ እየጠራሁ ነበር፤ ሆስፒታል ያደረሳት የጎረቤት ባጃጅ ነው። ሲስተር ይህን ሲሰሙ ሳቁና "ልጅ በቀጠሮ አይመጣም፣ ሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ይላል። ጳጉሜንን ግን እንዳትረሻት" አሏት። ፈተናው ላይ ይምጣ አይምጣ እሷ ታውቃለች፣ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

ባለፈው ወር ውጤቱ ወጣ። አልፋለች! ስልኩ ሲደወል መናኸሪያ ነበርኩ፤ ረዳቴ እልል ብሎ መኪናውን ሲመታ በሩን አጎደጎደው። መጀመሪያ የሄድነው እናቷ ጋ ሳይሆን ሆጤ ነው። ሲስተር የያዝነውን ዳቦ ተቀብለው፣ መርቀውን፣ ወዲያው ልጁን ተቀበሉን። "ክብደት ጨምሯል፣ ጎሽ" ነው ያሉት።

ክፍያቸውን ለምትጠይቁኝ፦ 2,000 ብር፣ እሱንም በሦስት ጊዜ ነው የከፈልነው። አብረዋት ከተማሩት አንዷን ሲስተር "ስትቀጠሪ ታመጫለሽ" ብለው ምንም አልተቀበሏትም፤ ይህን የሰማሁት ከልጅቷ ነው፣ እሳቸው አልነገሩንም።

እባካችሁ ነርስም ሁኑ አዋላጅ፣ ወድቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ሲስተር ጋ ሂዱ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ጠዋት በኔ መኪና ኑ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሂሳብ አልቀበልም፤ ረዳቴም ይህን አንብቧል። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለከለከሉኝ ነው ያልጻፍኩት፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ለዛች ተሳፋሪም፣ ስምሽን ሳልጠይቅሽ ሸዋ በር የወረድሽው፣ ይህ ከደረሰሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደውይልን፣ ቡና አለብን።

አዲሱ ቡድን ቅዳሜ ጠዋት ይጀምራል። ልጽፍ ነው ብዬ ሳስፈቅዳቸው ይህችን ጨምር ብለውኛል፦ ሕፃን ያላት እንዳትቀር፣ አንቀልባ እኔ ጋ አለ።