በበርሊን የስታዚ ሙዚየም፦ አውቀው ያገለገሉና ሳያውቁ ያገለገሉ

በርሊን የሚገኘው የስታዚ ሙዚየም፣ ከ1957 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ ጀርመንን የጸጥታ ሚኒስቴር (ስታዚን) የመሩት ኤሪክ ሚልከ ይሠሩበት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው የሚኒስትሩን ቢሮ ለማየትና በአትክልት ውኃ ማጠጫ ውስጥ በተደበቀው ካሜራ ለመገረም ነው፤ እኔ ግን ሙዚየሙን የምመክረው ስለ ጆሮ ጠቢዎች በሚያስተምረው ነገር ነው።

መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ዘመኑ ከ91 ሺህ ያህል ቋሚ ሠራተኞች ሌላ ከ170 ሺህ በላይ የምስጢር አገልጋዮች ነበሩት፤ እነዚህም በየሥራቸው የተመደቡ ነበሩ። አንዱ በጠላትነት ወደተፈረጁ ሰዎች ተጠግቶ ይሰልላል፣ ሌላው ቤቱን ለምስጢር መገናኛ ይሰጣል፣ ሌላው ደግሞ ጆሮ ጠቢዎችን ይመራል። ብዙዎቹ የገቡትን ቃል በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ የምስጢር ስማቸውንም መርጠው ይፈርሙ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረመ ሰው «አላወቅሁም» ለማለት አፍ የለውም። ይሁንና መሥሪያ ቤቱ ባጠራቀመው ዶሴ ውስጥ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠባይ ተጠይቆ ወሬው የት እንደሚደርስ ሳያውቅ የተናገረ ሰውም ቃሉ ሰፍሮ ይገኛል።

ስለዚህ ጎብኚ አስቀድሞ የ1991ን የስታዚ ሰነዶች ሕግ ቢያነብ መልካም ነው። ሕጉ በዶሴ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ተጎጂ፣ ሠራተኛ፣ ተጠቃሚ (ከመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ያገኘ) እና ሦስተኛ ወገን ብሎ ይለያል፤ በምስጢር ያገለገለውንም ከሠራተኛ ይቆጥረዋል። እጅግ የማደንቀው ግን ይህ ምደባ ለእያንዳንዱ መረጃ ለየብቻ እንዲወሰን ማዘዙን ነው፤ በአንዱ ገጽ ላይ የሰለለ ሰው በሌላው ገጽ ላይ ራሱ የተሰለለ ሊሆን ይችላልና። ስታዚ በደርግ ዘመን የኢትዮጵያን የደኅንነት ሠራተኞች ያሠለጠነ በመሆኑ፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሰውን «ካድሬ ነበር» በሚል አንድ ቃል ዘግተን ማለፍ ለለመድን ሰዎች ይህ ድንጋጌ ሊጠና የሚገባው ነው።

ማብራሪያዎቹ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ግማሽ ቀን ያህል መያዝ ይሻላል። በዚያው ግቢ ከ2021 ጀምሮ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ሥር የሚተዳደረው የስታዚ መዝገብ ቤትም የራሱ ትርኢት አለው፤ ተደርድረው ቢለኩ 111 ኪሎ ሜትር የሚደርሱት ሰነዶች እንዴት እንደተደራጁ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊጎበኝ ይችላል።